አምስተኛው ፍሬም

ብላንካ ከሌንሷ አፍ ላይ ክቡን መስታወት አስራ፣
ባለሦስት እግሩን ተክላ ከቋጥኙ አናት ጋራ፣
ወደ ዪዜራ ሸለቆ በአንድ ዓይኗ አጮለቀች፤
ጥቅምት ነው። ጤዛው ወፍራም ነው። ጣቷን በትንፋሽ አሞቀች።

ቢች የሚሉት ደን ዝገት ነበር፣ ያረጀ ምስማር ቀለም፤
መስታወቱ ሲጋርደው ግን — ቀይ! እንዲህ ያለ ቀይ የለም።
ጫካው እፍ እንዳሉት ፍም ከውስጥ ወደ ውጭ ይቀላል፤
ቅጠል ሁሉ ሌሊቱን እንሶስላ የሞቀ ይመስላል።

ቀለም አልጨመረችም። ይህን ስትል ማንም አያምናትም።
ማጣሪያ ይቀንሳል እንጂ ከኪሱ አውጥቶ አይሰጥም።
በቀይና በአረንጓዴ መሃል የቆመችውን
አንዲት ቀጭን የቢጫ ጅማት፣ መርጦ ያስቀራል እሷን።
ገላጋይ ከመሃል ሲነሳ ባላጋራ እንደሚለይ፣
አረንጓዴው አረንጓዴ ሆነ፤ ቀዩም ያለ ሐፍረት ቀይ።

ከግራ ወደ ቀኝ ሰባት ፍሬም፣ ሲሶው በሲሶው ላይ ተደርቦ።
ሰማይ የሚያጠቁረውን ያንን ሌላውን ማጣሪያ
ቤት ትታዋለች፤ ለሰፊ ምስል አይሆንም መሥሪያ፤
አንዱን ጥግ ያከስለዋል፣ አንዱን ጥግ ያነጣል፣
ሰማዩ ቀለም እንደለቀቀ ሸሚዝ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

ይህኛው ግን የቤት ልጅ ነው። አባቷ አሎይስ በእቶን ፊት
አርባ ዓመት ዓይኑን የጋረደው በዚሁ ዘር መስታወት።
ብርጭቆ ሲነፋ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ያሳውራል፤
መነጽሩ ያን ቢጫ ውጦ የቀለጠውን ያሳያል።
ቢጫውን ዋጠለት እንጂ ሙቀቱን መች አገደለት፤
ቀስ እያለ፣ ሳያሳምም፣ በሁለቱም ዓይኑ ሞራ ጋገረለት።

አራት ክንድ አሳትማ ከኩሽናው ግድግዳ ሰቀለችው።
አሎይስ አፍንጫውን አስጠግቶ፣
እንደሚያሸት ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።
ዝም። ድስቱ ይንተከተካል።
«ቆንጆ ነው» አለ። ቆየት ብሎ፦ «ቢጫው የት ሄደ?»

«የቱ ቢጫ?»

«ከወፍጮው በላይ ያለው ላርች። ጥድ መስሎ የሚረግፈው፣
ብቻውን የቆመው።
ፈረቃዬ ሲያልቅ በሩን ገፍቼ፣ መነጽሬን አውልቄ
መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።
ቀኑን ሙሉ የተሰረቅሁትን
በአንዴ ቆጥሮ ያስረክበኝ ነበር።
አርባ ጥቅምት፣ ልጄ።
ዛሬም በዚህ ጉም ዓይኔ ሌላው ሲጠፋ እሱ አይጠፋኝም።
ያንቺው ላርች ሸክላ መስሏል። ያመመው ይመስላል።»

በኮምፒውተር መቀባት ትችል ነበር፤ የአፍታ ሥራ ነው።
ጣቷ እስከ ቁልፉ ደርሶ ተመለሰ።

በማግስቱ ወጣች። ሣሩ በውርጭ ይሰበራል።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
አምስተኛው ላይ ስትደርስ መስታወቱን ፈታች፣
ጓንቷ ውስጥ ከተተችው፣ ብርሃኑን እንደገና ለካች፣
ላርቹ ራቁቱን ቆመ፣ ራቁቷን አየችው፣
ጠቅ።
ስድስት። ሰባት። እነሱን በመስታወት።

ስፌቱ አልጠፋም። የሚያውቅ ሰው ይስቅባታል፦
ቀይ ጫካ፣ ቀይ ጫካ፣ ድንገት ደብዛዛ ዝገት፣
በመሃሉ የሚነድ አንድ ቢጫ፣
ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀይ።
ከሊቤሬትስ የመጣው ሥዕል ነጋዴ፣ አቶ ኽራድስኪ፣
ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ እያዞረ
«አምስተኛውን አስተካክዪው፣ ዛሬውኑ እገዛዋለሁ» አላት።
ሻይ ቀዳችለት። ዋጋ አልጠራችም።

አሎይስ አሁን ለማየት አይቀርብም።
ማለዳ ወንበሩን ሲስብ፣ በሌላ ወሬ መሃል፣
እጁን ሰዶ አንዴ ይነካዋል።
ሰባቱ ፍሬሞች ንጹሕ ናቸው፣ ብላንካ ትወለውላለች፤
አምስተኛው ላይ ብቻ፣ ከላርቹ ጫፍ፣
የአውራ ጣት ቅባት አለ፤
እሱን ታልፈዋለች።